ቴራፒስቴ የኔን አባባል ቲክቶክ ላይ የራሷ አድርጋ ስታወራው ሰማሁ፤ እንዴት ልንገራት?

ትልቋ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ነው የምኖረው። አንዲት ሳይኮሎጂስት ጋር መመላለስ ከጀመርኩ ከዓመት በላይ ሆኖኛል። ጎበዝ ናት። ይህን አስቀድሜ የምለው "ሌባ ናት፣ ተያት" ብቻ ብላችሁ እንዳታልፉኝ ነው። እሷ ጋ ከመሄዴ በፊት እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረኝም። አሁን እተኛለሁ። ውለታዋ አለብኝ፤ ነገሩን የከበደብኝም ይኸው ነው።

ቤታችን ውስጥ ትልቋ ልጅ እኔ ነኝ። አባቴ ካረፈ በኋላ የታናናሾቼ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ የእናቴ መድኃኒት፣ ሁሉም በኔ እጅ ነው የሚያልፈው። አንድ ቀን ይህን ሳወራላት ድንገት ከአፌ የወጣው እንዲህ የሚል ነው፦ "እኔ እኮ ቤታችን ውስጥ ጀሪካን ነኝ። ስሞላ ጥግ ያስቀምጡኛል፣ ዞር ብሎ የሚያየኝ የለም። ውኃ ሲጠፋ ግን ሁሉም እኔን ይፈልጋል።" ውኃ በፈረቃ ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ያን ቀን በጣም አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ለወራት በዚህ ቃል ነው የሠራነው። ስገባ "ዛሬስ ጀሪካኑ እንዴት ዋለ?" ትለኛለች። በመካከላችን እንደ መግባቢያ ሆኖ ነበር።

በቀደም ታናሽ እህቴ የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ የቲክቶክ ቪዲዮ ላከች። ከሥሩ "ይሄ ቁርጥ አንቺን" ብላ ጽፋለች። ከፈትኩት። ቴራፒስቴ ናት። ከኋላዋ ያ ግድግዳ፣ ያ የአበባ ማሰሮ፣ ሁልጊዜ እያየሁት የማወራው። "አንዲት ደንበኛዬ አለች፣ አዲስ አበባ ነርስ ሆና የምትሠራ" ብላ ጀመረች። እኔ ነርስ አይደለሁም፤ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ አዲስ አበባም ኖሬ አላውቅም። ቀጥላ ግን "እኔ ይህን የጀሪካን ሲንድረም ብዬዋለሁ" አለች። ከዚያ ጥግ መቀመጡ፣ ዞር ብሎ የሚያይ መጥፋቱ፣ ውኃ ሲጠፋ መፈለጉ፣ አንድም ሳይቀር ተከተለ። ቃል በቃል።

እናቴም አየችው። ግሩፑ ላይ በድምፅ "ይቺ ልጅ ምን እያለች ነው? እናትና እህት መርዳት በሽታ ሆነ እንዴ?" ብላ ላከች። ስሰማው እጄ ተንቀጠቀጠ። እናቴ ሳይኮሎጂስት ጋር እንደምሄድ አታውቅም። እዚያ ክፍል ውስጥ ስለ እሷ ያወራሁትን ደግሞ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ከዚያ የሴትየዋን ገጽ ወደ ታች ወረድኩ። ለአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ሥልጠና ሰጥታለች፣ ፎቶው አለ። ስላይዱ ላይ በትልቁ "የጀሪካን ሲንድረም" ተብሎ ተጽፏል።

ስሜን አልጠራችም። ሥራዬን ቀይራለች፣ ከተማዬን ቀይራለች። ታዲያ ለምን ይህን ያህል አመመኝ? መብቷ ነው? ከቪዲዮው በኋላ በነበረኝ ቀጠሮ ሄጄ ስለ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ብቻ አውርቼ ወጣሁ። አንድ ነገር ልናገር ስል "ይህስ ነገ የት ይወጣ ይሆን?" የሚል ሐሳብ ቀድሞ ይመጣብኛል። እንዴት አድርጌ ልንገራት? ወይስ ዝም ብዬ ልቅር?

የታቦር ልጅ

እህቴ፣ ቀልብሽ ልክ ነው፣ ራስሽን አትጠራጠሪ። ሐዋሳ ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ፍቅር ሐይቅ ዳር አንድ ሰዓት ብትቀመጪ ሦስት የምታውቂው ሰው ያልፋል። "አዲስ አበባ ያለች ነርስ" ብሎ መሸፈን ለማያውቅሽ ነው እንጂ እህትሽ እኮ በአንድ ደቂቃ ነው የለየችሽ። ክፍያውን አንቺ ከፍለሽ፣ እንባውን አንቺ አልቅሰሽ፣ ሥልጠናው ላይ የምትከፈለው እሷ? እኔ ብሆን ተመልሼ አልሄድም።

አዳማ ያለሁ ካውንስለር

ትልቋ ልጅ፣ ሰላም። አዳማ ውስጥ በምክር አገልግሎት ነው የምሠራው። ረጅም ነው የምጽፈው፤ ጉዳዩ በሙያችን ውስጥ በደንብ የማይወራ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

"ለምን አመመኝ" ላልሽው። እኛ ባለሙያዎች ሥራና ከተማ ስንቀይር ሰውየውን የደበቅነው ይመስለናል። ቤተሰብ ግን ሰውን የሚያውቀው በአነጋገሩ ነው። አንቺ የተናገርሽው ዓረፍተ ነገር ከመታወቂያሽ በላይ አንቺን ያሳውቃል። ስለዚህ እሷ ቀላሉን ቀይራ ዋናውን እንዳለ ተወችው። ሁለተኛው ሕመም ደግሞ ከመታወቅ ጋር አይገናኝም። እህትሽ ቪዲዮውን ባታየው እንኳ አንቺ አይተሽው ያምምሽ ነበር። ያ ቃል የወጣው ስታለቅሺ ነው። ለመዳን ያወጣሽው ነገር ለሌላ ሥራ ሲውል ስታዪ፣ ያኔ ስትሰማሽ የነበረችው አንቺን ነው ወይስ ለቪዲዮዋ የሚሆን ነገር እየፈለገች ነበር የሚል ጥያቄ ይመጣል። አንቺ ላይ ያለው ይህ ይመስለኛል። ቀጠሮ ሄደሽ ስለ ሥራ ብቻ አውርተሽ መመለስሽ የዚያ ውጤት ነው።

አሁን የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን ልለይልሽ። ቴራፒስት የደንበኛውን ነገር ከክፍሉ ውጭ በፍጹም አያነሣም ማለት አይደለም። ከበድ ያለ ኬዝ ሲገጥመን ከኛ በላይ ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር እንመካከራለን፣ ሱፐርቪዥን የምንለው ነው። ይህ ለደንበኛው ጥቅም ነው፣ ስም ሳይነሣ፣ የሚያስፈልገው ያህል ብቻ። እንዲያውም ሱፐርቪዥን የሌለው ባለሙያ ነው የሚያስፈራኝ። ይህ እንዳለ ግን ሕክምናው ሲጀመር ለደንበኛው አስቀድሞ መነገር አለበት። ማስተማርና መጻፍ ሌላ ደረጃ ነው። ቲክቶክ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ የሚሰማው ማንም ነው፣ ቪዲዮው ደንበኛም ይጠራል፣ ማስታወቂያ ነው።

ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት የተማርነው የአሜሪካ የሳይኮሎጂ ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ አለ። ቁጥር 4.07 ላይ ባለሙያው በጽሑፍ፣ በትምህርትም ሆነ በመገናኛ ብዙኃን የደንበኛውን ምስጢራዊ መረጃ ሰውየው በሚታወቅበት መልኩ እንዳያወጣ ይከለክላል። የሚፈቀደው ማንነቱን በአግባቡ ከሸፈነ፣ ወይም ሰውየው በጽሑፍ ከፈቀደ፣ ወይም ሕግ ከፈቀደለት ነው። በደንቡ ፊደል ከሄድን ያንቺ ቴራፒስት "ሸፍኛለሁ" ብላ ልትከራከር ትችላለች። እኔ አልቀበላትም። አነጋገርን ቃል በቃል ትቶ ሥራን ብቻ መቀየር መሸፈን አይባልም። ግሌን ጋባርድ የተባለው አሜሪካዊ ሳይካትሪስት እ.ኤ.አ. በ2000 ይህን ጉዳይ በሰፊው ጽፎበታል፤ መሸፈን፣ ማስፈቀድ፣ የብዙ ሰዎችን ታሪክ አንድ ላይ ማዋሐድ፣ የሰውየውን ሕይወት ትቶ በሥራው ሒደት ላይ ብቻ ማተኮር፣ እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ጉድለት አላቸው ይላል። ማለትም ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ሙያው ራሱ ያውቃል።

የሐሳቡ ባለቤትነት ላይ ደግሞ አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ዮሴፍ ብሮየር የተባለ የቪየና ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1882 አንዲት ወጣት ያክም ነበር። እሷ እየተናገረች ሲቀልላት አይታ ሕክምናውን ራሷ ስም አወጣችለት፤ በንግግር መዳን አለችው። በ1895 ብሮየርና ፍሮይድ ታሪኳን አና ኦ በሚል ስም ሸፍነው በመጽሐፍ አወጡ። እስከ ዛሬ መላው ዓለም ሥራችንን የሚጠራው እሷ ባወጣችው ስም ነው። ዝናው ግን የሐኪሞቹ ሆነ። ሽፋኑም አልዘለቀም፤ በ1936 ከሞተች በኋላ፣ በ1953 የፍሮይድን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ኧርነስት ጆንስ በርታ ፓፐንሃይም መሆኗን ይፋ አወጣው። ሴትየዋ ጀርመን ውስጥ በ1904 የአይሁድ ሴቶች ማኅበር የመሠረተች፣ በራሷ ሥራ የታወቀች ሰው ነበረች። አስቢው፤ በሕክምናዋ ጊዜ የተናገረችው ነገር እስከ ዛሬ ስሟን ተከትሎ ይዞራል።

ተማሪ የሌላ ሰው ሐሳብ ሲጠቀም ምንጩን ይጠቅሳል፣ አበቃ። ቴራፒስት ግን "ይህን ያለችው እገሊት ናት" ካለ ምስጢር አወጣ። ካላለ ደግሞ የሌላ ሰው ሐሳብ የራሱ አደረገ። በሁለቱም በኩል ጥፋት ነው። ስለዚህ የቀረለት መንገድ መጠየቅ ነው፣ ካልሆነም መተው። መጠየቁም የራሱ ወግ አለው። ሰው ሕክምና ላይ እያለ ቴራፒስቱን እምቢ ማለት ይከብደዋል፤ "ቅር ይላት ይሆን" ብሎ እሺ ይላል። እንዲህ ያለ እሺታ ባዶ ነው። በጽሑፍ፣ የት እንደሚውል ተነግሮት፣ የማሰቢያ ጊዜ ተሰጥቶት፣ እምቢ ቢል ሕክምናው እንደማይነካ ተነግሮት፣ በኋላም ሐሳቡን ቢቀይር እንደሚነሣለት ተነግሮት መሆን አለበት።

እንዴት ልንገራት ላልሽው፣ ቀጠሮው ሲያልቅ በር ላይ ቆመሽ አትንገሪያት። ከቀጠሮው በፊት መልእክት ላኪላት። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ "የሚቀጥለውን ቀጠሮ ስለ አንድ ነገር ብቻ ማውራት እፈልጋለሁ። ጀሪካን ያልኩትን ነገር ቪዲዮሽ ላይ ሰማሁት። ቤተሰቦቼም አይተውታል። ሳትጠይቂኝ መጠቀምሽ ጎድቶኛል፤ ከዚያ ወዲህ ማውራት አልቻልኩም። ቪዲዮው እንዲነሣና ስለዚህ እንድንነጋገር እፈልጋለሁ።" ከዚህ በላይ ማብራራት የለብሽም። ምላሿ ብዙ ነገር ይነግርሻል። ከደነገጠችና ካዳመጠችሽ ተስፋ አለው። ጉዳዩን አዙራ "ይህ ያንቺ የመታመን ችግር ነው" ካለችሽ ግን ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ።

የኔም ሰፈር ውኃ የለም

ልትቆጡኝ ትችላላችሁ፣ ግን የተሰማኝን ልጻፍ። ያንን ቪዲዮ ይመስለኛል እኔም አይቼዋለሁ። እኔም ትልቅ ልጅ ነኝ፣ ወንድ ነኝ፣ አረብ አገር ካለች እህቴ ጋር ቤቱን ለሁለት የተሸከምን። ያንን ስሰማ መኪና ውስጥ ነበርኩ፣ አቁሜ ደጋግሜ ሰማሁት። "እርዳታ ያስፈልገኛል" ብዬ ያሰብኩት ያኔ ነው። በዚህ አገር ስንት ሰው ነው ሳይኮሎጂስት ጋር የመሄድ አቅም ያለው? ስንት ከተማ ነው ባለሙያ ያለው? ለብዙ ሰው ያለው ዕድል ያ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ነው። ባለሙያዎች ከሰው የሰሙትን በጭራሽ አያውሩ ካልን ከመጽሐፍ የተቀዳ ደረቅ ነገር ብቻ ነው የሚቀርልን፣ እሱን ደግሞ ማንም አይሰማም። ስም እስካልተጠራ ድረስ ጥቅሙ አያመዝንም?

ትልቋ ልጅ

ወንድሜ፣ አልቆጣሁም። እንዲያውም አነበብኩትና ቆም አልኩ። ያ ነገር አንተ ጋ መድረሱ ከልቤ ደስ ብሎኛል፣ አንተም ሄደህ ተናገር፣ ትድናለህ።

ግን አንድ ነገር ልብ በልልኝ። አንተን የነካህ የኔ ቃል ነው። ጠይቃኝ ቢሆን ምናልባት እሺ እል ነበር። "እናቴ የምታውቀውን ነገር አስወጪው፣ ጀሪካኑን ተዪው" እል ነበር፣ ወይም "ሌላ ዕቃ አድርጊው" እል ነበር። እናቴ እንዳትጎዳ አድርጌ አንተ ጋ እንዲደርስ ማድረግ እችል ነበር። ቪዲዮው ቢጠቅምህም የኔን ቤት አናግቶ ነው የጠቀመህ፣ አንተ ግን ይህን የምታውቅበት መንገድ አልነበረህም። ደግሞ እኔ አሁን ማውራት አቁሜያለሁ። ሌሎችም ደንበኞቿ ያንን ቪዲዮ እያዩ "የኔስ መቼ ነው?" እያሉ ይሆናል። አዳማ ያለሽው፣ አመሰግናለሁ፤ መልእክቱን ገልብጬዋለሁ።

አዳማ ያለሁ ካውንስለር

እሷ ያለችው ላይ ልጨምር። ማስተማር የሚፈልግ ባለሙያ ደረቅ እንዳይሆን የደንበኛን ቃል መውሰድ የለበትም። ብዙ ሰው ላይ ያየውን የወል ነገር በራሱ አነጋገር መናገር ይችላል። "ብዙ ትልልቅ ልጆች ሸክማቸው የሚታየው ሲደክሙ ነው" ማለት ይቻላል፣ ይህ የማንም ምስጢር አይደለም። የራሱን ምሳሌ መፍጠር ያቃተው ሰው የደንበኛውን ከመውሰድ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ያንተ ጥያቄ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ባለሙያዎች ዝም ይበሉ የሚል ሰው እዚህ የለም።

ሕግ ነክ

ሐዋሳ በጥብቅና ነው የምሠራው። አጠር አድርጌ የሕጉን በኩል ልንገርሽ።

"ሐሳቤን ሰረቀችኝ" ብለሽ በቅጂ መብት በኩል ከሄድሽ አይሳካልሽም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን ለብቻው አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው በጽሑፍ ወይም በሌላ መልክ ተቀርጾ የወጣን ሥራ ነው። በቃል የተናገርሽው ምሳሌ እዚያ ውስጥ መግባቱ ያጠራጥራል። ያንቺ መንገድ ምስጢር ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ይደነግጋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 በሙያቸው ምክንያት ያወቁትን ምስጢር የሚያወጡ ሰዎችን ይቀጣል፣ ሐኪምና ጠበቃ፣ የሃይማኖት አባትም ሳይቀር። የሚያስቀጣው ግን ተበዳዩ አቤቱታ ሲያቀርብ ነው፣ ዐቃቤ ሕግ በራሱ ተነሥቶ አይከስም። በቅርቡ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ስለ ሰው ጤንነት የተሰበሰበ መረጃ እዚያ ውስጥ ልዩ ጥንቃቄ ከሚደረግላቸው ውስጥ ነው፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ስምሽ ስላልተጠራ እሷ "ማን መሆኗ አይታወቅም" ብላ መከላከሏ አይቀርም። ለዚያ የእህትሽ "ቁርጥ አንቺን" የምትለው መልእክት ዋጋ አላት። እንዳይጠፋብሽ። ቪዲዮውን ከነቀኑ አስቀሪው፣ የሥልጠናውን ፎቶም።

በሌላ አገር የታየ አንድ ጉዳይ ልጥቀስ፣ ላንቺ ነገር በጣም ስለሚቀርብ። ኒው ዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1977 የተወሰነ ነው። አንዲት ሳይካትሪስት ከባሏ ጋር ሆና የቀድሞ ታካሚዋን ነገር ቃል በቃል የያዘ መጽሐፍ አሳተመች፣ ሕክምናው ካበቃ ከስምንት ዓመት በኋላ። ስም የለበትም። ታካሚዋ ግን መጽሐፉ ውስጥ ራሷንም ቤተሰቧንም ለየች። ሐኪሟ "በሕክምናው ጊዜ በቃል ፈቅዳልኝ ነበር" ብላ ተከራከረች፣ ፍርድ ቤቱ አልተቀበለም። መጽሐፉ እንዳይሸጥ አገደ፣ 20,000 ዶላርም ካሳ ፈረደ። የተሸጠው እኮ 220 ቅጂ ብቻ ነበር። ቲክቶክ ላይ ያንን ያህል ሰው በስንት ደቂቃ እንደሚያይ አንቺው ገምቺ። ይህ እኛን የሚያስገድድ ፍርድ አይደለም፣ ግን አስተሳሰቡ ይጠቅማል።

ምክሬ፦ ዛሬ ክስ አታስቢ። መጀመሪያ ካውንስለሯ ያለችሽን አድርጊ። ንግግራችሁ ግን በጽሑፍ ይሁን።

እናት ነኝ

ልጄ፣ ስልኩን ልጄ ነው ያስተማረኝ፣ ስህተት ካለ ይቅርታ። እኛ በዘመናችን ሳይኮሎጂስት የሚባል አናውቅም፣ የሆዳችንን የምንነግረው ለንስሐ አባታችን ነበር። እሳቸው የነገርናቸውን ይዘው ነው የሚቀበሩት። ሰፈር ውስጥ ጸብ ሲነሣ እንኳ የሚያውቁትን አውቀው ዝም ይላሉ። ስብከት ላይ የኛን ኃጢአት ምሳሌ አድርገው ቢያወሩ ማን ተመልሶ ይሄድ ነበር? ያንቺ ነገር ከዚያ በምን ይለያል? አሁን ወጣቶቹ ደፍራችሁ ወደ ባለሙያ መሄድ ጀምራችኋል፣ ጥሩ ነው፣ እኛ ብዙ ነገር ሆድ ይፍጀው ብለን በላን፣ በልቶንም ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ግን ስንቱ "እኔ ምን በወጣኝ" ብሎ ቤቱ ይቀራል። እኔን ያሳዘነኝ ይህ ነው።

ስለ እናትሽ ደግሞ፣ "በሽታ ሆነ እንዴ" ያለችው ደንግጣ ነው። እናት ልጇ የደከማት መሆኑን ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማ ትቆጣለች። አንቺው ንገሪያት። ያ ሁሉ ባይሆንም ድካምሽን ንገሪያት። እሱን ማንም ቲክቶክ ላይ ሊቀድምሽ አይገባም ነበር።

ትልቋ ልጅ

እማማ፣ ሳነብ አለቀስኩ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እነግራታለሁ፣ ትንሽ ልረጋጋና።

ትናንት ሄድኩ። መልእክቱን ከቀጠሮው በፊት ልኬላት ነበር፣ "እሺ፣ እንነጋገራለን" ብቻ ብላ መለሰች። ገብቼ እንደተቀመጥኩ መጀመሪያ ያለችኝ "ስምሽን እኮ አልጠራሁም፣ ነርስ ነው ያልኩት" የሚል ነው። እኔም የእህቴን መልእክት ከፍቼ ስልኩን ሰጠኋት። የእናቴንም ድምፅ አሰማኋት። ዝም አለች። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ "ይህን አላሰብኩትም" አለች። እኔም "ሳትጠይቂኝ ቃሌን ወስደሽ እኔ ብዬዋለሁ ማለትሽ ነው የበለጠ የጎዳኝ" አልኳት፤ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ቢሆንም አልኩት። ይቅርታ ጠየቀችኝ። የመታመን ችግር ነው አላለችኝም። ቪዲዮውን እዚያው ፊቴ አጠፋችው።

ስለ ሥልጠናው ስጠይቃት ግን ተንተባተበች። ስላይዱ ለመሥሪያ ቤቱ ተልኳል፣ ሌላ ቦታም የተያዘ ሥልጠና አለ። "ርዕሱን እቀይረዋለሁ" አለች። ውስጡ ያለውን ስለማውጣት ግን ቁርጥ ያለ ነገር አልነገረችኝም። ለዚያ ቀን አላስከፈለችኝም።

ቪዲዮው ደግሞ ጠፍቷል ይባል እንጂ ሰዎች ወስደው ለጥፈውታል፣ ሁለት የቴሌግራም ቻናል ላይ አግኝቼዋለሁ። እሷ ጋ ልቀጥል ወይስ ልቁም ገና አልወሰንኩም። የሚያስፈራኝ ከአዲስ ሰው ጋር ከአባቴ ሞት ጀምሮ እንደገና መጀመር ነው። ስለ ስላይዱ ምን ልበላት?

ሕግ ነክ

ጥሩ አድርገሻል። ስላይዱን በተመለከተ ርዕስ መቀየር በቂ አይደለም። ዛሬውኑ በጽሑፍ ላኪላት፦ ምሳሌው በሙሉ፣ ርዕሱም ውስጡም፣ ከሥልጠናው እንዲወጣ፤ ለመሥሪያ ቤቱ የላከችውን ፋይል በተስተካከለው እንድትተካ፤ ቪዲዮውን የለጠፉትን ቻናሎች እንዲያነሡት የቪዲዮው ባለቤት እሷ ስለሆነች እሷው እንድትጠይቅ፤ ወደ ፊትም ያንቺን ነገር ያለ ጽሑፍ ፈቃድሽ የትም እንዳትጠቀም። ቀን ወስኚላት። መልሷን በጽሑፍ ጠይቂ። በቃል "እሺ" ብትልሽ ራስሽ "ዛሬ በስልክ እንዲህ ብለሽኛል" ብለሽ መልሰሽ ጻፊላት፣ እሱም ማስረጃ ነው። የማትመልስ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ደብዳቤውን አብረን እናዘጋጃለን፤ ክፍያ አልጠይቅም።

አዳማ ያለሁ ካውንስለር

መቀጠል ወይስ ማቆም ለሚለው ዛሬ መወሰን የለብሽም። ቪዲዮውን እዚያው ፊትሽ ማጥፋቷና አለማስከፈሏ ለኔ ትርጉም አለው፤ ስለ ሥልጠናው መንተባተቧም እንደዚያው። የምትልክልሽን ጽሑፍ አይተሽ ወስኚ። ከቀጠልሽ የመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ስለዚህ ጉዳይ ብቻ ይሁኑ፣ ሌላ ነገር ለማውራት አትቸኩዪ።

ካቆምሽ ደግሞ ከዜሮ አትጀምሪም። ከፋይልሽ ውስጥ አጭር ማጠቃለያ እንድትጽፍልሽ ጠይቂያት፤ አንብበሽው፣ እንዲወጣ የምትፈልጊውን አስወጥተሽ፣ ለአዲሱ ባለሙያ በእጅሽ ትሰጪዋለሽ። ሐዋሳ ውስጥ መተዋወቁ ካሳሰበሽ በስልክ ወይም በቪዲዮ የሚሠሩ ሌላ ከተማ ያሉ ባለሙያዎች አሉ። የመጀመሪያ ቀን ገና ስትገቢ "ከኔ የምትሰሚውን ለሥልጠና፣ ለቪዲዮ ወይም ለጽሑፍ ትጠቀሚያለሽ? ሱፐርቪዥን የምታደርጊውስ ከማን ጋር ነው?" ብለሽ ጠይቂ። ደህና ባለሙያ ይህን ጥያቄ ሲሰማ ቅር አይለውም፣ ቁጭ ብሎ ይመልስልሻል።